ጎምበርግና ጥንድ ያጣችው ኤሌክትሮን

በጀጎል ጠባብ መንገዶች ዳር ባሉ ቤቶች መብራት የሚዘረጋ ባለሙያ የሚሠራበት ሕግ አጭር ነው፤ መዳቡ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የለበሰው ፕላስቲክ ይከለክላል። ይህ ሕግ አሁን እየላላ ነው። ነገሩ የተጀመረው ሞሰስ ጎምበርግ በሚባል ስደተኛ እጅ ነው።

ጎምበርግ እ.ኤ.አ. በ1866 በሩሲያ ግዛት በነበረችው የዛሬዋ ዩክሬን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በዛሩ መንግሥት ላይ አሲረሃል ተብለው ሲከሰሱ ቤተሰቡ በ1884 ወደ ቺካጎ ሸሸ። ልጁ በቄራዎች አካባቢ የጉልበት ሥራ እየሠራ ተማረ፤ በ1894 ከሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ።

በዚያን ጊዜ ካርበን አራት እጅ እንዳለው፣ አራቱም እጆች ሁልጊዜ እንደሚያዙ መምህራኑ ሁሉ ያስተምሩ ነበር። ጎምበርግ ሁለት ካርበኖችን ሊያጣምር ሲሞክር ያገኘው ውጤት በአየሩ ኦክሲጅን የተበላሸ ሆነ። ሌላ ሰው ይጥለው ነበር። እሱ ግን አየር ከልክሎ ደገመው። ሟሟው ቢጫ ሆነ፤ ኦክሲጅንና አዮዲን ያገኘውን ሁሉ የሚነጥቅ ነገር ተገኘ። በ1900 ባሳተመው ጽሑፍ ካርበኑ ሦስት እጅ ብቻ አለው፣ አንዲት ኤሌክትሮን ጥንድ አጥታለች የሚለውን የዛሬውን ግንዛቤ በር ከፈተ። ብዙዎች አላመኑትም።

በጽሑፉ መጨረሻ መስኩ ለእሱ እንዲተውለት ጠየቀ። በሕግ ዓይን ይህ ጥያቄ መሠረት የለውም፤ የተፈጥሮ ግኝት በባለቤትነት አይያዝም፣ አቤት የሚባልበት ችሎትም የለም። ርስቱን ጥሎ ለተሰደደ ሰው ግን አልፈርድበትም። አውሮፓውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ገቡበት።

ንጥረ ነገሩ በፈሳሽ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ የታወቀው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የሚያስተላልፉት አየኖች ነበሩ። ዛሬ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ብቸኛዋ ኤሌክትሮን ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል እየዘለለች እንድትሄድ። በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለ ፕላስቲክ ስስ ሽፋን በሜትር 28 ሲመንስ ለኩ። መዳብ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጠዋል፤ ቢሆንም ለፕላስቲክ ትልቅ ቁጥር ነው።

እግረ መንገዴን፣ ቡና ሲቆላም ጥንድ ያጡ ኤሌክትሮኖች ይፈጠራሉ፤ በተቆላው ቡና ውስጥም ይቆያሉ። የሐረር ቡናም ከዚህ አያመልጥም። ሽቦ ይሆናል ማለት ግን አይደለም።

ጎምበርግ አላገባም፤ ከእህቱ ጋር ኖሮ በ1947 ሞተ። ሀብቱን ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ድጎማ አወረሰ። በ1968 የኔዘርላንድ ኬሚስቶች ሁለቱ ራዲካሎች የሚጣመሩት እሱ ባሰበው ቅርጽ እንዳልነበረ አሳዩ።