የፖል ጄኒንግስ ታሪክ

የታላላቅ ሰዎች ስም በየመጽሐፉ ተጽፎ ይኖራል፤ ማዕድ ያቀረቡላቸው አሽከሮች ግን ብዙውን ጊዜ ይረሳሉ። ስማቸው ሳይጠፋ ከቀረው ጥቂቶች አንዱ ፖል ጄኒንግስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጄኒንግስ በ1799 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሞንትፔሊየር በተባለው የጄምስ ማዲሰን ርስት ተወለደ። በዚያ አገር ሕግ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ ባሪያ ነበር። ስለዚህ ማዲሰን ሕገ መንግሥቱን በማርቀቅ ስመ ጥር ቢሆኑም፣ ሕፃኑ እንደ ንብረታቸው ተቈጠረ።

ማዲሰን በ1809 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ልጁ በዐሥር ዓመቱ ወደ ዋሽንግተን ቤተ መንግሥት ገባ። በ1814 የእንግሊዝ ጦር ከተማውን ሊያቃጥል ሲቃረብ የራት ማዕድ አሰናድቶ ነበር። የጆርጅ ዋሽንግተንን ትልቅ ሥዕል ያዳኑት የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ዶሊ ናቸው ሲባል፣ ያወረዱትስ በር ጠባቂውና አትክልተኛው ናቸው ብሎ ኋላ የመሰከረ እርሱ ነው።

ካደገ በኋላ የማዲሰን የቅርብ አሽከር ሆኖ ጢማቸውን እየላጨ፣ ልብሳቸውን እያለበሰ አገለገለ። በ1836 ሲሞቱም ከአልጋቸው አጠገብ ነበር። ይሁን እንጂ ነጻነት አላገኘም። ወይዘሮ ዶሊ በ1841 ኑዛዜያቸው ነጻ እንዲወጣ ጽፈው ሳለ፣ ዕዳ ስለ በዛባቸው በ1846 በ200 ዶላር ሸጡት። በ1847 ሴናተር ዳንኤል ዌብስተር 120 ዶላር ከፍለው ነጻ አወጡት፤ እርሱም ገንዘቡን በወር 8 ዶላር ሒሳብ በአገልግሎት ሊከፍል ተስማማ።

ጄኒንግስ ነጻ ከወጣ በኋላ ወገኖቹን አልረሳም። በ1848 ዓ.ም. 77 ባሪያዎች ፐርል በተባለች መርከብ ለማምለጥ ሲሞክሩ፣ ከረዷቸው ሰዎች አንዱ እርሱ እንደ ነበር ይነገራል። መርከቧ ግን ተያዘች።

ወይዘሮ ዶሊ በእርጅናቸው ደኽይተው የሚበሉት ሲቸግራቸው፣ ያ የሸጡት ሰው ከኪሱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። በ1865 የማዲሰንን ትዝታ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ በስሙ ታተመች። በመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት ሠርቶ፣ የራሱን ቤት ገዝቶ በ1874 ዐረፈ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማራለን። ስለ ነጻነት አሳምሮ መጻፍ ብቻውን ሰውን ነጻ አያወጣም፤ በደል የደረሰበትም ሰው ርኅራኄውን ካልጣለ ከበደሉት በላይ ይከበራል።