ቪልሄልም ስታይኒትዝ፡ የቼዝን አስተሳሰብ የለወጠው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን

የቼዝ ጨዋታ ከ1 ሺህ 400 ዓመታት ገደማ በፊት በህንድ እንደተጀመረ ይታመናል። ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረቡ ዓለም፣ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ የተሻገረ ሲሆን፤ በአገራችንም ሰንጠረዥ በሚል ስያሜ በነገሥታትና በመኳንንት ዘንድ ሲዘወተር ኖሯል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአውሮፓ ንግሥቲቱ በሁሉም አቅጣጫ እንድትንቀሳቀስ በመፈቀዱ ጨዋታው ፈጣን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይበልጥ የተለወጠው ግን ሕጉ ሳይሆን የተጫዋቹ አስተሳሰብ ነው። በዚህ ለውጥ ስሙ በቀዳሚነት የሚነሳው ቪልሄልም ስታይኒትዝ ነው።

ስታይኒትዝ እ.ኤ.አ በ1836 በፕራግ ከተማ ከአንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ሒሳብ ለመማር ወደ ቪየና ቢያቀናም ቼዝ መተዳደሪያው ሆነ። በ1862 በለንደን በተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር ከተሳተፈ በኋላም ኑሮውን በዚያው መሠረተ።

በዘመኑ የላቀ ተጫዋች የሚባለው ጠጠሮቹን እየሰዋ በተቃራኒው ንጉሥ ላይ ፈጣን ጥቃት የሚሰነዝር ነበር። ስታይኒትዝም በዚሁ ስልት በ1866 የወቅቱን ታላቅ ተጫዋች አዶልፍ አንደርሰንን 8 ለ6 አሸንፏል።

ይሁንና ዝና ያተረፈበትን ስልት ራሱ መልሶ መረመረው። ከ1873 ጀምሮ ጥቃት ሊሳካ የሚችለው አስቀድሞ ብልጫ ሲገኝ ብቻ መሆኑን፣ ብልጫውም ከትናንሽ ጥቅሞች ክምችት እንደሚመነጭ በጨዋታውና በጋዜጣ ጽሑፎቹ አስገነዘበ። የወታደሮች አሰላለፍና የንጉሡ ደኅንነት ከጥድፊያ እንደሚቀድሙም አስተማረ። ብዙዎች ግን አዲሱን ስልት የፈሪ ጨዋታ አድርገው ተመለከቱት።

የክርክሩ መፈተኛ በ1883 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ መጣ። በ1886 ከዮሃንስ ዙከርቶርት ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት በኒውዮርክ፣ በሴንት ሉዊስና በኒው ኦርሊንስ ተጋጠመ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች በአራቱ ቢሸነፍም ስልቱን አልለቀቀም። በመጨረሻም 10 ጨዋታ አሸንፎ፣ በ5 ተሸንፎና በ5 አቻ ወጥቶ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። ክብሩንም እስከ 1894 አስጠብቆ ቆይቷል።

በዚያ ዓመት ማዕረጉን የተረከበው በ32 ዓመት የሚያንሰው አማኑኤል ላስከር ነው። ስታይኒትዝ በ1896 መጨረሻ በሞስኮ በተጀመረው የመልስ ግጥሚያም ድል አልቀናውም። ከዚህ በኋላ የአእምሮ ጤናው ታውኮ በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ነሐሴ 12 ቀን 1900 በኒውዮርክ በድህነት አረፈ።

ለጨዋታው ዕድሜውን የሰጠው ሰው ለራሱ ያቆየው ሀብት አልነበረም። ድል የነሳው ላስከር ግን ኋላ ባዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ የስታይኒትዝን አስተምህሮ በስፋት አብራርቷል። ጥቃት ከዝግጅት በኋላ ይምጣ የሚለው መርሑም ዛሬ ለጀማሪ ተጫዋቾች ከሚሰጡት መሠረታዊ ትምህርቶች አንዱ ነው።