ስሕተቱን ያረመ ሊቅ

ጌዎርግ ሲሞን ኦም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1789 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር ኤርላንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቍልፍ ሠሪ ነበረ፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ባይማርም፣ በገዛ ትጋቱ የሒሳብን ትምህርት አጥንቶ ለልጆቹ አስተማረ። ጌዎርግ ዐሥር ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበት።

ካደገም በኋላ በኮሎኝ ከተማ መምህር ሆኖ ሳለ፣ ሽቦ ኤሌክትሪክን ስለ ምን አንዳንዱ ብዙ፣ አንዳንዱ ጥቂት እንደሚያሳልፍ ለማወቅ ተነሣ። በ1825 ያገኘውን ሕግ አሳትሞ አወጣ። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያ ኃይሉ እየተለዋወጠ ስላሳሳተው ሕጉ ትክክለኛ አልነበረም።

ስሕተትን በሰው ፊት ማመን ከባድ ነው፤ ከፍ ያለ ማዕርግ ለሚመኝ መምህርማ ይልቁን ይከብዳል። ኦም ግን ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ያዘ። በሌላ ሊቅ ምክር መዳብንና ቢስሙት የሚባለውን ማዕድን አጋጥሞ፣ አንደኛውን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሁለተኛውን በበረዶ ውስጥ አኖረ፤ ከዚህም የማይለዋወጥ ኃይል አገኘ።

በ1826 እውነቱ ተገለጠለት። ሽቦ በረዘመ መጠን ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያግዳል፤ በወፈረ መጠን ግን እንደ ሰፊ መንገድ በቀላሉ ያሳልፈዋል። ሽቦው የተሠራበት ነገርም ልዩነት ያመጣል፤ ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል ቢሆንም፣ የብረት ሽቦ ከመዳብ ሽቦ 6 እጥፍ ያህል ያግዳል። ደግሞም መዳብም ሆነ ብረት ሲግል ማገዱ ይጨምራል።

ኦም በ1827 ሥራውን በመጽሐፍ አድርጎ በበርሊን ቢያሳትመው፣ ብዙዎች ሊቃውንት ናቁት። እርሱም የመምህርነቱን ሥራ ለቀቀ፤ ብዙ ዓመትም በዝቅተኛ ኑሮ ኖረ። ሆኖም መርምሮ ያረጋገጠውን እውነት አልተወም። በ1841 በሎንዶን ያለው ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው፤ በ1852 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1854 በዚያው ከተማ ዐረፈ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ኤሌክትሪክ የሚታገድበት ልክ በስሙ ኦም ተብሎ እንዲጠራ ወሰኑ።

ልጆች ሆይ፤ ኦም የፊተኛውን ሕግ ሙጥኝ ብሎ ቢቀር ኖሮ፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ባልተገኘ ነበር። በሥራችሁ ስሕተት ስታገኙ አትሸሽጉት፤ እንደ ገና ለክታችሁ አርሙት። ካረማችሁትም በኋላ፣ ሰው ቢንቃችሁ እንኳ፣ እውነቱን አትልቀቁ።