የመቅደላው ቅዳሜ

በመርካቶ፣ በራጉኤል ዙሪያ የሥዕልና የፖስተር ነጋዴ ባለበት ሁሉ የዐፄ ቴዎድሮስ ምስል አይጠፋም፤ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ከነአንበሶቻቸው። እኛም ከልጅነታችን የምናውቃቸው እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻዋን ሰዓታቸውን ደግሞ ከሌላው ሁሉ አስበልጠን። ዛሬ ግን ሌላ ቀን እናነሣለን።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት እንደ ነበር ይተረካል። ከሽፍትነት ተነሥቶ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፎ፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አገር አንድ ለማድረግ መድከማቸውን፣ ጋፋት ላይ መድፍ ማሠራታቸውን የታሪክ መጽሐፉ በሰፊው ይዞታልና አንደግመውም።

መጽሐፉ በአንድ መስመር የሚያልፈው ሐዘናቸውን ነው። የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዐረፉ። በ1852 ወዳጃቸው ፕላውደን ተገደለ፤ ብዙም ሳይቆይ ጆን ቤል እሳቸውን ለማዳን ሲል ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቁጣቸው እየባሰ፣ ቅጣታቸው እየከፋ፣ ደፍሮ የሚመክራቸው እያነሰ ሄደ። የሕመም ስም እናውጣላቸው አንልም፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ሙት መመርመር የሐኪምም ወግ አይደለም። በእጃቸው ያለቀውን ሕዝብም ሐዘናቸው አያስተሰርየውም። ብቻቸውን እየቀሩ መሄዳቸው ግን ይታያል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ በስቅለት ዕለት፣ ጦራቸው እሮጌ ላይ ተሸነፈ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። በማግስቱ ቅዳሜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ተረባርበው መሣሪያውን ነጠቋቸው። የቴዎድሮስን እጅ መያዝ እኮ ቀላል ድፍረት አይደለም! የእነዚያ ሰዎች ምስል ግን በየትኛውም ፖስተር ላይ የለም። ቴዎድሮስ ተረጋጉ፤ በዚያው ቀንም ታስረው የነበሩትን አውሮፓውያን መልቀቅ ጀመሩ። የጦርነቱ ሰበብ እነዚሁ እስረኞች እንደ ነበሩ ልብ በሉ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ግን ሠራዊቱ ተበትኖ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ብቻ ቀርተው ሳለ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

ነገ ይህን ትምህርት የምናስተምረው እኛ ነን። ከክፍሉ ጥግ፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደ ገጠመው ሳይናገር በዝምታ የተዋጠ ልጅ ይኖራል። ሰኞን እያሞገስን ቅዳሜን ብንዘለው ያ ልጅ ምን ይዞ ይወጣል? ብዙዎቻችን ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባበት ይመስለናል፤ ጥናት ግን እንዲህ አላገኘም። ፊት ለፊት፣ በእርጋታ ጠይቆ ማዳመጥ፣ ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ማራቅ፣ ከሐኪም ማድረስ ይቻላል።

ሐኪሙም ሩቅ አይደለም። ከራጉኤል ሳይርቅ፣ እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል አለ። ስሙን ለስድብ የምንጠቀምበት፣ አዎ፣ እኛም ጭምር፣ በዶርሚተሪ ቀልድ! ሕመሙ ለዓመታት የቆየበትን ዘመዳቸውን ይዘው፣ መድኃኒት ለማስቀጠል ከአገር ቤት ድረስ ተሳፍረው የሚመጡ እናቶችና ወንድሞች በጠዋት በሩ ላይ ይታያሉ፤ የተቋጠረ ስንቃቸውን ይዘው፣ አንዱ የሕመምተኛውን ክንድ ደግፎ።