ሐኪም ያዕቆብና ዋጊኖስ

በጎንደር ያዕቆብ ይባል የነበረው ጄምስ ብሩስ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው። በ1762 ዓ.ም. በምጽዋ ገብቶ ጎንደር ደረሰ። ያመጣው የዓባይን ምንጭ የማየት ምኞት ነበረ፤ የቤተ መንግሥቱን ደጅ የከፈተለት ግን ሕክምናው ነው። በዚያ ወራት በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በቍስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና፣ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ይህን ሥርዓት የተማረው በሐለብ ከነበረ ሐኪም ነው። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉም ከደዌው ተነሣ።

በ1763 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ተሻግሮ በሰከላ ግሽ ዓባይን አየ። ፔድሮ ፓኤዝ ከ150 ዓመት በፊት አይቶት ሳለ ቀዳሚነቱን ለራሱ ለማድረግ መድከሙን አናመሰግንም፤ የሰከላ ሰውማ ከሁለቱም አስቀድሞ ከምንጩ ሲጠጣ ኖሯል።

በ1764 ዓ.ም. ወደ ስናር ሲወርድ በቆላው በራስ አልፊል የደም ተቅማጥ ጸናበት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ታካሚ ሆነ። አገሬው ያመለከተውን የዋጊኖስ ሥር ልጥ ወስዶ ዳነ፤ ከማን እንደ ተማረም በመጽሐፉ አልሸሸገም። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ተክሉን በእርሱ ስም ብሩሲያ አሉት። ስሙ መድኃኒቱን ላሳየው ሳይሆን ለዳነው መሰጠቱን ልብ እንላለን። ከአገራችን ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ የሄደውም ይኸው ሰው ነው። በ1786 ዓ.ም. በቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ዋጊኖስ አባሎም ይባላል። በዘመናችን የአገራችን ተመራማሪዎች ጭማቂው አንዳንድ ባክቴርያዎችን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ አይተዋል። መጠኑ ሲያልፍ ግን መርዝ ነው፤ ስለዚህ የቀደሙት መድኃኒት ዐዋቂዎች ሲሰጡት እየመጠኑ ነበረ።