ዐፄ ምኒልክና የመልእክት መዘግየት

ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ብዙ ተጽፏል። እኔ የታሪክ ተማሪ ሳልሆን የኔትዎርክ ተማሪ ነኝ። ሆኖም በኢተርኔት የፍሬም መዘግየት እንዴት እንደሚለካ ስንማር ትዝ ያሉኝ እሳቸው ነበሩ።

ያደግሁት አማኑኤል ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ አዲስ አበባ ታሞ ኖሮ፣ ቶሎ ድረሱ የሚል ወረቀት በሰው እጅ ተላከልን። አባቴ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። ወረቀቱ ላይ ቀን አልተጻፈበትም። የዘገየው ጸሐፊው ነው ወይስ አምጪው? አባቴ አምጪውን ጥፋተኛ አድርጎ ሰላምታ ነፈገው።

አሁን ወደ ምኒልክ ልመለስ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የእኛን የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ማረኩ፤ ግን በክብር ያዟቸው። አድዋ ላይ ሁለቱ በአንድ ወገን ተሰለፉ።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ነገሡ። ንግሣቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ ግን ግንኙነታችሁ በኢጣሊያ በኩል ነው የሚል መንፈስ ነበረው። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ተንኮል በዚህ ተገለጠ። ያን ሁሉ ወራት ኢትዮጵያ በስሟ የሚባለውን ሳታውቅ ቆየች ማለት ነው። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተዘጋ።

ንጉሡ የመልእክትን ፍጥነት ዋጋ የተረዱ ይመስለኛል። በዘመናቸው ፖስታ ተቋቋመ፤ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ተዘረጋ። በቅፍለት ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ ለድምፅ አጠረ።

ታዲያ ይህ ከኢተርኔት ጋር ምን አገናኘው? ዋይ.1731 በሚባለው ደንብ መዘግየት የሚለካው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የአንድ አቅጣጫ ነው፤ ላኪው ፍሬሙ ላይ የመነሻ ሰዓት ይጽፋል፣ ተቀባዩ ከራሱ ሰዓት ላይ ይቀንሳል። ሁለቱ ሰዓቶች ካልተስማሙ ውጤቱ ውሸት ነው። ሁለተኛው የደርሶ መልስ ነው። ተቀባዩ የደረሰበትንና የመለሰበትን ሰዓት ጽፎ ይልካል። ላኪው ከጠቅላላው ጊዜ ላይ በዚያ ጫፍ የቆየበትን ይቀንሳል። ለምሳሌ ጠቅላላው 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ቆይታው 4 ከሆነ፣ የመንገዱ 6 ነው። እዚህ ላይ ሰዓቶቹ እኩል መቁጠር አይጠበቅባቸውም። ብቻ መሄጃና መመለሻው ላይለያዩ ዋስትና ስለሌለ፣ 6ቱን ለሁለት ከፍሎ 3 ነው ማለት አይቻልም።

ይህን ስማር የንጉሡ አሟሟት ገባኝ። በ1902 ዓ.ም. በጠናባቸው ሕመም ከሥራ ራቁ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ዜና ዕረፍታቸው ግን ለሕዝብ ሳይነገር ረጅም ጊዜ ተደብቆ ቆየ። ሽቦው ነበር፣ መንገዱም ፈጣን ነበር፤ መልእክቱ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተያዘ። ያን ቆይታ ቀንሰን ብናሰላ መስመሩ ደህና ነው እንላለን። ለመስመሩ ይህ ትክክል ነው፤ ለሚጠብቀው ሰው ግን ምን ዋጋ አለው? ለእሱ ሁለቱም አንድ መዘግየት ነው። ስለዚህ ስንለካ የምንጠይቀው ስለ መንገዱ ነው ወይስ ስለ ጠባቂው ብለን አስቀድመን እንወስን።

ለዕረፍት አማኑኤል ስሄድ ይህን ለአባቴ አስረዳሁት። መነሻው ቀን ካልታወቀ አምጪውን መውቀስ እንደማይቻል ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየ። በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ወደ ሰውየው ቤት ሲሄድ አየሁት።