የተነቀለው ጤነኛው ጥርስ ነበር

ለሥራ ወደ ዋግ ኽምራ በሄድኩበት ወቅት፣ ሰቆጣ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጉንጩን በነጠላ ጠፍንጎ ያሰረ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። ሻዩን የሚጠጣው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሳነጋግረው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የመንደሩ ሰው ጥርሱን በጉጠት እንደነቀለለት አጫወተኝ። ጥርሱ ወጣ፤ ሕመሙ ግን እዚያው ቀረ። ጤነኛው ሄዶ በሽተኛው ቀርቷል ማለት ነው። መንጋጋውም አብጧል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ ኮርዶባ አጠገብ በነበረችው መዲነቱ-ዘህራ ተወለዱ፤ በ1013 ገደማ ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ስለ ግል ኑሯቸው የተጻፈው ጥቂት ነው። ከተማቸውም በእርጅና ዘመናቸው በእርስ በርስ ጦርነት ወድማለች። የቀረልን ሥራቸው ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲያክሙ ቆይተው በ1000 ገደማ አት-ተስሪፍ የተባለውን ባለ 30 ክፍል መጽሐፍ ጨረሱ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች በሥዕል ቀርበውበታል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት የክሬሞናው ጄራርድ ቶሌዶ ላይ ወደ ላቲን መለሰው፤ አውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት ተማረበት። ይህን ስንቶቻችን በትምህርት ቤት ሰምተነው ይሆን?

ስለ አፍና ስለ መንጋጋ የጻፉት ያስደንቃል። የላላን ጥርስ ከጤነኞቹ ጋር በወርቅ ክር ያስሩ ነበር፤ ብር ይበላሻልና ወርቅን መረጡ። ከበሬ አጥንት ጥርስ ቀርጾ መተካትንም አስተምረዋል። የተሰበረ መንጋጋ ሲገጥማቸው ጥርሶቹ ተራቸውን እስኪይዙ ድረስ አጥንቱን በጣት እየገፉ ያቃኑታል። ዛሬም የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ስብራትን በቲታኒየም ሲያያይዙ መለኪያቸው የላይና የታች ጥርሶች መግጠማቸው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ምክራቸው ነው። ጥርስ ምትክ የሌለው ነገር ስለሆነ ለመንቀል መቸኮል እንደማይገባ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ሕመም ያታልላል፤ ታማሚው ራሱ ጤነኛውን ጥርስ ሊጠቁም ይችላል። ሳያጣሩ በድፍረት የሚነቅሉትን የዘመናቸውን ፀጉር ቆራጮች ክፉኛ ወቅሰዋል፤ ሥሩን ሰብረው ይተዋሉ፣ አንዳንዴም የመንጋጋ አጥንት ቆርሰው ያወጣሉ። የማታለሉ ምክንያት ዛሬ ታውቋል፤ የጥርሶቹ ነርቮች ከአንድ ግንድ ስለሚወጡ አእምሮ የሕመሙን ምንጭ ይስታል። ያልታመመን ጥርስ መንቀል ራጅ በሞላባቸው የአውሮፓ ሆስፒታሎችም ይደርሳል። በዚህ ላይ የተደረጉ የቅርብ ዓመታት ጥናቶች፣ ጉጠቱ ከመነሣቱ በፊት ጥርሱን በቁጥር መለየትን፣ ከራጁና ከታማሚው ቃል ጋር ማመሳከርን ይመክራሉ።

በማግስቱ ወጣቱን ወደ ሐኪም ዘንድ ሸኘሁት። ለመንደሩ ሰው ጥርሱን ያሳየው ራሱ እንደነበረ የነገረኝ መንገድ ላይ ነው። ባለሙያው ገና ምንም ሳይጀምር በመሣሪያው እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገ። ወጣቱ አሁንም በጣቱ ያመለከተው ከክፍተቱ ፊት ያለውን ነበር፤ ከወንበሩ ዘሎ የተነሣው ግን ከኋላ ያለው ሲነካ ነው።